አንቴናው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሲደርስ

ሬዲዮ ተሸካሚ ወታደር ከሩቅ የሚለየው ከጀርባው ቀጥ ብሎ በቆመው ዘንግ ነው፤ አልሞ ተኳሽም አስቀድሞ የሚፈልገው እሱን ነው። ዘንጉን አስቀርቶ ልብሱን ራሱን አንቴና የማድረግ ሐሳብ ጦር ሠራዊቶችን የሳበው አንድም በዚህ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጉዳይ ሌላ ነው። ጢስ ውስጥ ሆኖ የልቡን ምትና የሰውነቱን ሙቀት ውጭ ላለው አዛዥ የሚልክለት መሣሪያ ቢያስፈልገውም፣ ደረቅ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሲጎነበስ ይጎረብጠዋል፤ ሲድህ ይሰበርበታል። በቤልጅየም ጌንት ዩኒቨርሲቲ እነ ካርላ ኸርትሌርና ሄንድሪክ ሮጂየር ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ጃኬት የሚሆን የጨርቅ አንቴና የሠሩት ለዚህ ነበር። ከእነሱ በፊት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.)፣ በፊንላንድ የታምፔሬው ፔካ ሳሎነን ለሚለበስ መሣሪያ የታሰበ አነስተኛ አንቴና አቅርቦ ነበር።

በብዛት የሚሠራው ቅርጽ ከሦስት ጨርቆች የተደረበ ነው። ከላይ በልክ የተቆረጠ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ጨርቅ፣ ከመሐል የማያስተላልፍ ወፈር ያለ ጨርቅ፣ ከታች ደግሞ ሰፋ ያለ ሌላ አስተላላፊ ጨርቅ። የታችኛው ሥራ ግድግዳነት ነው። የሰው ሥጋ ውሃ የሞላው በመሆኑ የሬዲዮ ሞገድን ይውጣል፤ አንቴናውንም ከቅኝቱ ያወጣዋል። ግድግዳው ኃይሉ ወደ ሰውነት እንዳይገባም ይከላከላል፤ ለዚህም ሕግ አለ፦ በአሜሪካ በማንኛውም 1 ግራም ሕብረ ሕዋስ በአማካይ ከ1.6 ዋት በኪሎግራም እንዳይበልጥ፣ በአውሮፓ በ10 ግራም ከ2 ዋት በኪሎግራም እንዳይበልጥ።

ልኩን የሚወስነው ሞገዱ ነው። ብሉቱዝና ዋይፋይ በሚሠሩበት 2.45 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሳይሸመን ተጠቅጥቆ በሚሠራው ፌልት ላይ የሚለጠፈው የላይኛው ቁራጭ 5 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። ጨርቅ አብዛኛው አየር ነው፤ ስለዚህ ሞገዱን በውስጡ ምን ያህል እንደሚያሳጥር የሚያሳየው የዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ የተለመደው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ግን 4.4 አካባቢ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ አንቴናውን ቢያሰፋውም አጨረሩን ያሻሽላል። መስፋቱ ደግሞ ብዙ አያሳስብም፤ ጀርባ ሰፊ ነው።

አስተላላፊው ጨርቅ በብር፣ በመዳብ ወይም በኒኬል የተለበጠ ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው። ብረትን ከክር ማዋሐድ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ የነገሥታቱን ካባ ያንቆጠቆጠው ወርቀ ዘቦ ምስክር ነው። ልዩነቱ እዚህ ብረቱ የሚፈለገው ለማብረቅረቅ ሳይሆን ለኤሌክትሪክ ጅረት መሆኑ ነው።

ጨርቁ በመቀስ ወይም በሌዘር ተቆርጦ በካውያ ይለጠፋል፤ ወይም የብር ቀለም ይታተምበታል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ጥልፉ ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእነ ጆን ቮላኪስና አሲሚና ኪዩርቲ ቡድን በጥልፍ መኪና፣ በብረት ክር፣ እስከ 0.1 ሚሊሜትር ጥራት የደረሰ አንቴና ጠልፏል። ጥልፉ የራሱ ሕግ አለው፦ ስፌቱ ጅረቱ በሚፈስበት አቅጣጫ መሄድ አለበት፤ አለዚያ ጅረቱ ከክር ወደ ክር ሲዘል ይባክናል። ስፌቱ ሲጠብቅ አንቴናው ይሻላል፤ ልብሱ ግን ይደርቃል።

ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። የውሃ ዳይኤሌክትሪክ ቁጥር 80 ገደማ ስለሆነ፣ ላብ የጠጣ ጨርቅ ላይ ያለ አንቴና እንደላላ የክራር ክር ቅኝቱ ይወርዳል። ጥጥ ዝናብ ሳይነካው፣ ከአየሩ ብቻ የክብደቱን 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ለሰውነት የሚመቸው ጥጥ ለአንቴናው የማይመቸው ለዚህ ነው። እጥበት ሲመጣ ደግሞ ልባጡ ይሰነጠቃል፤ በቀጭን ፖሊዩሬቴን መሸፈን ይረዳል።

ሌላው ፈተና ለስላሳው ከደረቁ የሚገናኝበት ነጥብ ነው። የብየዳ ሙቀት ናይለኑን ያቀልጠዋል፤ ወፍራሙ የኬብል ማገናኛም ልብሱ በታጠፈ ቁጥር ከሥሩ ይነቀላል። መፍትሔው ከኤሌክትሮኒክስ ቤት ሳይሆን ከልብስ ሰፊ ሣጥን ወጣ። ተጭነው የሚቆለፉት የብረት ቁልፎች ማገናኛ ሆኑ። ጫማ ማሰሪያ እንደሚገባባቸው ያሉ የብረት ቀለበቶች ተደርድረው የላይኛውንና የታችኛውን ጨርቅ አገናኙ፤ ሞገዱንም ጨርቁ ውስጥ አጥረው ያዙ። ዚፕም አንቴና ሆኖ ተሞክሯል።

በፊላደልፊያ የሚገኘው ድሬክስል ዩኒቨርሲቲ ባትሪውንም ኬብሉንም ትቷል። በሹራብ መኪና፣ በብር ከተለበጠ ክር የተሠራው የነፍሰ ጡር መቀነቱ ኃይል የሚያገኘው ከውጭ ካለው አንባቢ መሣሪያ ሞገድ ነው። ማሕፀን ሲኮማተር ሹራቡ ቅርጹን ይለውጣል፤ አንቴናው ከቅኝቱ ይወጣል፤ የሚመለሰው ምልክትም ይለወጣል። በእሳት አደጋ ሠራተኛው ጃኬት ላይ እንደ ጉድለት የሚቆጠረው ይህ የቅኝት መዛባት፣ እዚህ ምጡን የሚናገረው ራሱ ነው።