ሰዓቱ ያልቆጠረው የአክስቴ እርምጃ

አክስቴ ቨርጂኒያ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሌሊት ትሠራለች። አንድ እሑድ ልጆቿ ለልደቷ የገዙላትን ስማርት ሰዓት ይዛ መጣችና «አንተ የኮምፒውተር ሰው አይደለህ? ይኼ ነገር ሰነፍ ነሽ እያለኝ ነው፤ እስቲ እየው» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ጋሪ ስትገፋና ሰው ስትደግፍ አድራ ያገኘችው 2,900 እርምጃ ነበር። ግቡ ደግሞ 10,000። ነገሩ እንደ ቀልድ ቢነገርም ቅር ብሏታል። «ታዲያ ለምን እደክማለሁ?» ብላ ቅዳሜ ቅዳሜ የምታደርገውን የእግር ጉዞ ትታው ነበር።

ሰዓቱ አልተበላሸም። ውስጡ አክስለሮሜትር የሚባል ሴንሰር አለ፤ በሦስት አቅጣጫ የፍጥነት ለውጥን ይለካል። ስንራመድ እጃችን ስለሚወዛወዝ ምልክቱ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል። ሶፍትዌሩ ጫጫታውን ያጣራና የማዕበሉን ጫፎች ይቆጥራል። ጫፎቹ በሰከንድ ሁለት ገደማ ሆነው በተከታታይ ካልመጡ ግን እርምጃ ነው ብሎ አያምንም፤ አለዚያ ጥርስ ስንቦርሽም ተራመዳችሁ ይለን ነበር። ጋሪ የያዘ እጅ አይወዛወዝም። ሦስት አራት እርምጃ ሄዶ አልጋ አጠገብ የሚቆም ሰውም ሶፍትዌሩ ሳያምነው ይቆማል። (እስክስታን ሳሎን ውስጥ ሞክሬዋለሁ። እግሬ ሳይነቃነቅ ቁጥሩ ጨመረ።)

10,000ውስ ከየት መጣ? አበበ ቢቂላ ለሁለተኛ ጊዜ ማራቶን ያሸነፈበት የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ1964 እ.ኤ.አ. ተካሄደ። በዓመቱ ያማሳ የተባለ የጃፓን ኩባንያ «ማንፖ-ኬይ» የሚል የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አወጣ፤ ትርጉሙ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ነው። ለመሸጥ የሚመች የምርት ስም ነበር፤ የሐኪም ትእዛዝ አልነበረም። በ2019 የሃርቫርዷ ተመራማሪ አይ-ሚን ሊ ከባልደረቦቿ ጋር አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ 16,741 ሴቶችን አጥንታ ነበር። በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ያነሰ የሞት መጠን ታየባቸው፤ ልዩነቱም 7,500 አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን አቆመ። ውጤቱ የእነዚያ ሴቶች ነው፤ ለሃያ ዓመት ወጣት እንዳለ አይገለበጥም።

የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ለአዋቂዎች እርምጃ አይቆጥርም፤ ደቂቃ ነው የሚቆጥረው። በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። ድሮ «ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ» ይባል ነበር፤ ያ ቀርቷል። ደረጃ መውጣቱም፣ ወደ አውቶቡስ መሮጡም ይደመራል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠን ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ብናነበው አይከፋም።

ለአክስቴ ትንሽ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሠራሁላት። ስልኳ የደንብ ልብሷ ኪስ ውስጥ ስለሚውል እጇ ባይወዛወዝም የወገቧን እንቅስቃሴ ይይዛል። ሌላም ችግር ነበር፤ የሰዓቱ ቀን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ያልቃል፣ እሷ ደግሞ የምትሠራው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ነው። አንዱ ፈረቃ ለሁለት ቀን ይከፈላል ማለት ነው። አንድሮይድ የሚሰጠው ስልኩ ከተነሣ ጀምሮ የተጠራቀመውን ድምር ብቻ ነው፤ ቀኑ መቼ እንደሚዞር የሚወስነው ኮዱን የሚጽፈው ሰው ነው። እኔም እንደ አገራችን አቆጣጠር ንጋት 12 ላይ አዞርኩት። ስልኩ ጠፍቶ ሲነሣ ድምሩ ወደ ዜሮ እንደሚመለስ ረስቼ ግን በሁለተኛው ሳምንት «ከዜሮ በታች 1,812 እርምጃ» አሳያት። ደውላ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ካስተካከልኩት በኋላ የመጀመሪያው ፈረቃ 8,100 አወጣ። ፈረቃው ግን ጠንከር ያለ እርምጃን አይተካም ብያታለሁ፤ የቅዳሜ ጉዞዋን ጀምራለች። ሰዓቱን አሁን የምታስረው ሰዓት ለማየት ነው፤ እሱንም ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይርልኝ እያለችኝ ነው።