«ድራይቭ»ና «ድራይቨር»፦ የዲስክ ጥማድን የሚመለከቱ ጥቂት ስያሜዎች

በምዕራብ ጎጃም፣ የወንበርማ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሽንዲ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የሚሠራ አንድ ሱቅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮምፒዩተሩን በአዲስ መልክ ለማስጫን ባለሙያ ይጠራል። በኮምፒዩተሩ ውስጥ በአንድነት የሚሠሩ ሁለት ዲስኮች ነበሩ። የዊንዶውስ መጫኛ ሥራውን ሲጀምር የዲስኮቹ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩም ድራይቨር እንዲቀርብ የሚጠይቅ የእንግሊዝኛ መልእክት አለ። ባለሙያው መልእክቱን «ድራይቭ የለም ይላል» ሲል ለባለቤቱ አስረዳ። ባለቤቱም ዲስኮቹ እንደ ሞቱ ቈጠረ። በዚህ የተነሣ የዲስኮቹ አንድነት ፈርሶ እንደ አዲስ ተዋቀረ፤ የብዙ ዓመት ውል፣ ማመልከቻና የተማሪዎች ጽሑፍም አብሮ ጠፋ። ዲስኮቹ ግን ደኅና ነበሩ። የጎደለው ዲስኮቹን ከዊንዶውስ ጋር የሚያነጋግረው አነስተኛ ፕሮግራም ብቻ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ታሪኩን ከሱቁ ባለቤት ሲሰማ ትኩረቱን የሳበው የጥፋቱ መንሥኤ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቃላት በአንድ ሥር ላይ የቆሙ ቢሆኑም ተናጋሪው ትርጉማቸውን ለይቶ ያውቃል። ወደ አማርኛ በውሰት ሲገቡ ግን «ድራይቭ» እና «ድራይቨር» ሥራቸውን የሚጠቁም ምንም ምልክት የላቸውም፤ የሚለያቸውም በመጨረሻ ያለችው «ር» ብቻ ናት። የገጠር መሬት ይዞታ መዝገብ ሳይቀር ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ባለበት በዚህ ዘመን፣ በአንዲት ፊደል ላይ የተንጠለጠለ ልዩነት ለብዙ ሰው ንብረት አስጊ ነው። ስለዚህም ከዚህ ቀጥሎ ነገሩን በአጭሩ አስረድተን፣ ለውይይት የሚሆኑ ስያሜዎችን እናቀርባለን።

፩. ነገሩ ምንድን ነው?

በ1988 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ አንድ ጥናት አቀረቡ። የጥናቱ ፍሬ ነገር፣ ውድና ግዙፍ በሆነ አንድ ዲስክ ፈንታ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን በአንድነት ማሠራት ይቻላል የሚል ነው። ለዚህ የሰጡት የእንግሊዝኛ ስያሜ በምኅጻር ሲነበብ «ሬይድ» ይሆናል። ሲተረጐም «ትርፍ ያለው የርካሽ ዲስኮች ድርድር» ማለት ነው፤ በኋላ «ርካሽ» የሚለው «ራስ የቻሉ» በሚለው ተተክቷል። ቃሉ በድምፅ «ወረራ» የሚል ፍች ካለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ቢገጥምም በምሥጢር አይገናኝም።

በዚህ አሠራር ዲስኮቹ ለኮምፒዩተሩ እንደ አንድ ዲስክ ሆነው ይታያሉ። ይሁን እንጂ አንድነቱ በየደረጃው ይለያያል። ጥናቱ ከ1 እስከ 5 ያሉትን ደረጃዎች ሲዘረዝር፣ 0 እና 6 የተባሉት በኋላ የመጡ ናቸው። ዛሬ በብዛት በሥራ ላይ ያሉት 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ እንዲሁም 1ን ከ0 ጋር በማዳበል የተገኘው 10 ናቸው።

፪. የሚቀርቡ ስያሜዎች

ሀ) ጥማድ። «ድርድር» የሚለው ቃል «ደረደረ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ በምሥጢር ይስማማል። ነገር ግን ዛሬ አብዛኛው ሰው ቃሉን ሲሰማ የሚያስበው ተደራዳሪዎችን ነው። «ቅንጅት» የሚለውም አንዳንድ የስልክና የኮምፒዩተር ትርጉሞች ለሌላ ጉዳይ ይዘውታል። በወንበርማና በቡሬ አካባቢ ያለ ገበሬ ሁለት በሬዎችን በአንድ ቀንበር ሥር ሲያውል «ጥማድ» ይላል። ቃሉ የበሬዎቹን ቍጥር ብቻ ሳይሆን እንደ አንድ ሆነው መሥራታቸውን ያመለክታል፤ «ሬይድ» የሚለውም ይህንኑ ነው። በልማድ ጥማድ ለሁለት መሆኑና ቃሉ የመሬት መለኪያ ጭምር መሆኑ አይካድም። ይሁንና «የዲስክ ጥማድ» ሲባል አሻሚነቱ ይወገዳል፤ ከሁለት በላይ ለሆኑት ማስፋትም ለቋንቋው እንግዳ አይደለም።

ለ) ሽንሸና። በደረጃ 0 መረጃው ተቆራርጦ ለሁሉም ዲስኮች ይከፋፈላል። ሥራው ይፈጥናል፤ ነገር ግን አንዱ ዲስክ ሲሞት መላው መረጃ ይጠፋል፤ ከጥማዱ አንዱ በሬ ሲተኛ እርሻው እንደሚቆም ማለት ነው። መሬት ለመከፋፈል የምንገለገልበት «ሸነሸነ» ለዚህ ተስማሚ ነው። ደረጃ 0 ምንም ትርፍ ስለሌለው በስሙ ውስጥ መተማመኛ የሚመስል ቃል መግባት የለበትም።

ሐ) መንታ። በደረጃ 1 በአንዱ ዲስክ ላይ የተጻፈው ሁሉ በሌላውም ላይ ይጻፋል። እንግሊዝኛው ይህን በመስታወት ይመስለዋል። በአማርኛ «መስታወት» ወይም «ነጸብራቅ» ብንል ግን ምሥጢሩ ይፋለሳል፤ ምክንያቱም ባለመልኩ ከፊቱ ዘወር ሲል በመስታወት ውስጥ ያለው መልክ አብሮ ይጠፋል። ከመንታ ልጆች አንዱ ቢሞት ግን ሌላው በሕይወት ይኖራል። የደረጃ 1 ጥቅም ይኸው ስለሆነ «መንታ» የተሻለ ነው።

መ) ማሟያ። በደረጃ 5 መረጃው ይሸነሸናል፤ በተጨማሪም የጠፋውን ለማግኘት የሚረዳ ስሌት በየዲስኮቹ እየተዘዋወረ ይጻፋል። ኮምፒዩተር መረጃን የሚጽፈው በ1 እና በ0 ነው። ሁለት ዲስኮች 1 እና 0 ቢይዙ የ1 ብዛት አንድ፣ ማለትም ጎዶሎ ይሆናል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ላይ 1 ተጽፎ ይሞላል። ሁለቱም 1 ከያዙ ብዛቱ ሙሉ ስለሆነ በሦስተኛው ላይ 0 ይጻፋል። ከሦስቱ አንዱ ቢጠፋ የቀሩትን ሁለቱን ቈጥሮ የጠፋውን ማወቅ ይቻላል። በትምህርት ቤት ተጋማሽና ኢተጋማሽ የምንላቸውን ቍጥሮች የተለመደው አነጋገር ሙሉና ጎዶሎ ስለሚላቸው፣ ጎዶሎውን ሙሉ የሚያደርገው ስሌት «ማሟያ» ቢባል ትርጉሙ ከቃሉ ይገኛል። ደረጃ 5 አንድ ማሟያ ስላለው የአንድ ዲስክን ሞት ይቋቋማል፤ ደረጃ 6 ሁለት ስላለው የሁለት ዲስኮችን።

ሠ) ተጠባባቂና ምትኬ። ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። ሥራ ሳይሠራ ቆይቶ ሌላው ዲስክ ሲሞት ቦታውን የሚይዘውን ዲስክ «ተጠባባቂ» ማለት ይገባል፤ የእግር ኳስ ተመልካች ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል። «መጠባበቂያ» እና «ምትኬ» የሚሉት ግን ለየብቻ ለሚቀመጥ ቅጂ ብቻ መዋል አለባቸው። ጥማዱን «መጠባበቂያ» ብሎ መጥራት ስሕተት ነው። ከመንታ ዲስኮች በአንዱ ላይ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል በዚያው ቅጽበት ከሌላውም ይሰረዛል፤ ቫይረስም፣ እሳትም፣ ሌባም ሁለቱን አይለይም። ገበሬ እህሉን በሁለት ጎተራ ቢከፍል ጎተራዎቹ ጎን ለጎን እስከ ቆሙ ድረስ እሳት ወይም ነቀዝ ሁለቱንም ያገኛቸዋል። የዘሩን እህል ከሚበላው ለይቶ በሌላ ስፍራ የሚያኖረውም ለዚህ ነው። ጥማድ ሥራ እንዳይቋረጥ ያደርጋል፤ የጠፋውን የሚመልሰው ግን ምትኬ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራ መመሪያ አንባቢውን በሌለው ነገር ያስተማምነዋል።

ረ) ድራይቨር። ለዚህ ቃል በአማርኛ «ነጂ» የሚል ትርጉም ተሰጥቶት ይገኛል። ነጂ ግን ከብት ወይም መኪና የሚነዳ ነው፤ ይህ ፕሮግራም ደግሞ የሚነዳው ነገር የለም። ሥራው የዊንዶውስን ወይም የሊኑክስን ትእዛዝ ተቀብሎ መሣሪያው በሚገባው ቋንቋ ማቅረብ፣ የመሣሪያውንም መልስ መመለስ ነው። «አሽከርካሪ» የሚለውም አይሆንም። «አሽከረከረ» ማለት እንዲሽከረከር አደረገ ማለት ስለሆነ፣ ቃሉ ከፕሮግራሙ ይልቅ ዲስኩን ለሚያዞረው ሞተር ይቀርባል፤ ዛሬ ደግሞ ምንም የሚሽከረከር አካል የሌላቸው ኤስኤስዲ የተባሉ ማኖሪያዎች ተስፋፍተዋል። «ተርጓሚ» እና «አስተርጓሚ» በምሥጢር ቢስማሙም ለሌሎች የፕሮግራም ዓይነቶች ስለሚፈለጉ ሌላ መደናገር ይፈጥራሉ። በቀድሞው ዘመን ከውጭ አገር መልእክተኞች ጋር ቃል የሚያቀባብለው ሰው «ቱርጁማን» ይባል ነበር። ቃሉ በዓረብኛ በኩል ቢመጣም «ተረጐመ» ከሚለው ጋር የቅርብ ዝምድና አለው፤ ዛሬ ሥራ ስለ ፈታም ለአዲስ ትርጉም ነጻ ነው። ስለዚህ «ቱርጁማን» እንዲሆን እንጠቁማለን።

፫. ስያሜዎቹን በሥራ ላይ መፈተን

ስያሜ የሚፈተነው በመዝገብ ውስጥ ሳይሆን በሥራ መመሪያ ውስጥ ነው። ስለሆነም ከላይ በቀረቡት ቃላት የሚከተለውን አጭር መመሪያ ጽፈናል።

1. ጥማድ ሲዋቀር በዲስኮቹ ላይ ያለው መረጃ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድመህ ምትኬ ውሰድ፤ ምትኬውንም ከኮምፒዩተሩ ለይተህ አስቀምጥ።

2. ደረጃውን ምረጥ። እያንዳንዳቸው 1000 ጊጋባይት የሚይዙ ሁለት ዲስኮች በሽንሸና 2000፣ በመንታ 1000 ጊጋባይት ይሰጣሉ። ሦስት ዲስኮች በደረጃ 5፣ ወይም አራት ዲስኮች በደረጃ 6 ወይም 10፣ 2000 ጊጋባይት ይሰጣሉ።

3. ኮምፒዩተሩን አስነሥተህ ወደ ባዮስ ግባ፤ የዲስኮቹን አሠራር «ሬይድ» ወደሚለው ቀይር። ከዚያም የጥማዱን አባሎች መርጠህ አዋቅር። የእያንዳንዱን ዲስክ መለያ ቍጥር በወረቀት ላይ ጻፍ፤ አንዱ ሲሞት ደኅናውን በስሕተት እንዳታወጣ ይረዳሃል።

4. መጫኛውን አስነሣ። የዲስኮቹ ዝርዝር ባዶ ከሆነ ዲስኮቹ ሞተዋል ብለህ አትፍረድ፤ ጥማዱንም አታፍርስ። የኮምፒዩተሩ አምራች ያዘጋጀውን ቱርጁማን በፍላሽ ይዘህ መጫኛው እንዲያነበው አድርግ፤ ዝርዝሩ ይሞላል።

5. ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ የዋናውን ሰሌዳ፣ የኔትወርኩንና የማተሚያውን ቱርጁማን በየተራ ጫን።

6. ከጥማዱ አንዱ ዲስክ ሲሞት ሳትዘገይ ተካው፤ መልሶ ግንባታው እስኪፈጸም ድረስ ደረጃ 5 ለሁለተኛ ሞት መከላከያ የለውም።

በተራ ቍጥር 4 የተመለከተው ችግር አዲስ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጊዜ መጫኛው ሲጀምር ኤፍ6 የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ ቱርጁማኑን በፍሎፒ ማቅረብ ግድ ነበር። ዛሬም ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ በወጡ በርካታ የኢንቴል ኮምፒዩተሮች ላይ፣ ቪኤምዲ የተባለው አሠራር ክፍት በሆነ ጊዜ፣ ተገቢው ቱርጁማን እስኪቀርብ ድረስ የዊንዶውስ መጫኛ ዲስኩን ላያየው ይችላል። የመብራት መቋረጥም ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በደረጃ 5 መረጃው ተጽፎ ማሟያው ሳይጻፍ መብራት ቢጠፋ ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ፤ በኋላ አንድ ዲስክ ሲሞት ከተፋለሰው ማሟያ የሚገኘው ስሌት የተሳሳተ ይሆናል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ባለባትሪ የኃይል መጠባበቂያ ማስፈለጉ ስለዚህ ነው። እዚህ «መጠባበቂያ» ያልነው ለኃይል መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል፤ ለመረጃ ሲሆን «ምትኬ» ብቻ ማለት የሚመረጠውም ለዚሁ ነው።

፬. መደምደሚያ

በ1964 ዓ.ም. ለአማርኛ የተቋቋመው፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በስያሜ ሥራ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሲደጋገም ይታያል። አንዱ የባዕድ ቃልን መልክ ተከትሎ መተርጐም ነው፤ «ነጂ» ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሁለተኛው በሕዝቡ አንደበት የገባውን ቃል ሁሉ ለማስወጣት መታገል ነው። «ዲስክ»፣ «ፍላሽ» እና «ኮምፒዩተር» ሥራቸውን ያለ እንከን ስለሚሠሩ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አልተነኩም።

ከቀረቡት ስያሜዎች አንዳንዶቹ ተቀባይነት ባያገኙ ጉዳቱ ቀላል ነው። ባለሙያው «ቱርጁማን» ማለት ቢከብደው «ድራይቨር» ማለቱን ይቀጥል። አንድ ነገር ግን ሳይውል ሳያድር ሊደረግ ይገባል፤ ይኸውም «ድራይቭ» የሚለውን ቃል ትቶ በምትኩ «ዲስክ» ማለት ነው። ከሁለቱ ተመሳሳይ ቃላት አንዱ ከወጣ፣ የቀረው በውሰት እንዳለ ቢቆይም አያሳስትም። ይህ አዲስ ቃል መፍጠርን አይጠይቅም፤ «ዲስክ» ቀድሞውኑ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነውና። በሽንዲው ሱቅ ባለሙያው «ዲስክ አይታይም፤ ድራይቨሩ ይቅረብ ይላል» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ባለቤቱ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መኖራቸውን ተረድቶ ይጠይቅ ነበር።

የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያዎች፣ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት መምህራንና ሌሎችም አንባብያን በየአካባቢያቸው የሚነገሩትን ቃላት ጨምረው አስተያየታቸውን እንዲያቀርቡ እየጠየቅን፣ ስያሜዎቹን ለውይይት ክፍት አድርገናል።