ቡና በጨው

በአንዳንድ የአገራችን ገጠሮች ቡና በጨው መጠጣቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ስኳር ለለመደ ከተሜ ግን ቅልቅሉ እንግዳ ነው። እኛም ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ስንመለከተው ኖረናል። ፖል ብሬስሊንና ባልደረባው በ1997 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት ባወጡት ጥናት ግን፣ መራራ ዩሪያና ስኳር ባለበት ድብልቅ ላይ የሶዲየም ጨው ሲጨመር ምሬቱ ተዳክሞ ጣፋጭነቱ ጎልቶ ተገኝቷል። መራራው ንጥረ ነገር ከስኒው አይጠፋም፤ የሚቀንሰው የሚሰማን ምሬት ነው።

ለሙከራው ከአንድ ጀበና ሁለት ስኒ ቀድተን፣ በአንዱ ብቻ፣ ጨውነቱ በማይታወቅ መጠን ጥቂት ቅንጣት እንጨምር። የቀማሹ ዓይን ይሸፈን፤ ያወቀ ምላስ የጠበቀውን ይቀምሳልና። ቅደም ተከተሉን በሳንቲም ዕጣ እየወሰንን ስምንት ጊዜ እናቅምሰው። የበለጠ የሚመረውን በግምት ብቻ ስምንቱንም ጊዜ የመለየት ዕድል ከ256 አንድ ነው። ስድስቱን ብቻ የለየ ቀማሽ ገና አያሳምነንም፤ ስድስትና ከዚያ በላይ በአጋጣሚ የማግኘት ዕድል ከ256 ሠላሳ ሰባት ነውና።