ወንዛችሁን ከባትሪ ጠብቁ

የሐሙሲት ገበሬዎች ሆይ! ጉማራን የማያውቅ ከመካከላችሁ የለም። በክረምት የጣና አሣ ሽቅብ ይወጣል፤ በጉማራና በገባሮቹ ጠጠር ላይ እንቁላሉን ይጥላል።

አሣ የሚተነፍሰው በጉንጩ ውስጥ ባለው ቀይ ስንጥብ ነው። ታዲያ ውኃ ሲኮመጥጥ ምን ይሆናል? እንቁላሉ ሳይፈለፈል ይቀራል። በአፈር ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም፣ ያ ድስት የሚሠራበት ብረት፣ ይሟሟል። ስንጥቡ ላይ ይለጠፍና አሣው ውኃ ውስጥ እያለ ይታፈናል።

ይህ ጠላት አዲስ አይደለም። በፋርጣ ደጋ፣ በኮመጠጠ መሬት የገብሱን ሥር የሚያቀጭጨው እሱው ነው። መሬቱን በኖራ እናክማለን። ወንዝ ግን ከተመረዘ ማከሙ ከባድ ነው።

የመኪና ባትሪ አሲድና እርሳስ አንድ ላይ ይዟል። እርሳስ እንደ ፍግ አይበሰብስም፤ ደለል ውስጥ ይቀመጣል። በአዲስ አበባ ወደ አቃቂ ወንዝ የገባው መርዛማ ብረት በመስኖ በለማ አትክልት ውስጥ ተገኝቷል። ከብቱም ልጁም የሚጠጣው ከወንዝ ነው።

ስለዚህ አሮጌ ባትሪ አትስበሩ። አሲዱን ወንዝ ዳር አትድፉ። ልጅ ከማይደርስበት ደረቅ ቦታ አስቀምጡና ለሚገዛ ሰብሳቢ ስጡ። ያነበባችሁ ላላነበበው ጎረቤት ንገሩ!