የክብ መጋዝን ጠረጴዛ ስለ ማቃናት

በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም አካባቢ በዓባይ ዳር የሚበቅለው፣ ሱንት የተባለው የግራር ዓይነት፣ እንጨቱ ጠንካራና ከባድ ስለ ሆነ ለጀልባ ሥራና ከባቡር ሐዲድ ሥር ለሚጋደም እንጨት ሲያገለግል ኖሯል። እንዲህ ያለውን እንጨት በክብ መጋዝ ለሚሰነጥቅ አናጢ የጠረጴዛው መቃናት የደኅንነት ጉዳይ ነው። መጋዙ በጠረጴዛው ላይ ካለው ቦይ ጋር ትይዩ ካልሆነ የኋለኛው ጥርስ እንጨቱን አንሥቶ ወደ ሠራተኛው ሊወረውረው ይችላል፤ የተሰነጠቀውም ጠርዝ ይቃጠላል።

ለማቃናት አስቀድሞ የኤሌክትሪኩ ኃይል ከመኪናው ፈጽሞ ይቋረጣል። ከዚያም በአንድ ጥርስ ላይ ምልክት ተደርጎ፣ ጥርሱ በፊት በኩል ሳለ ከቦዩ ያለው ርቀት ይለካል፤ መጋዙ በእጅ ዞሮ ያው ጥርስ ወደ ኋላ ሲደርስም ይለካል። በሌላ ጥርስ መለካት አይገባም፤ የጥርሶቹ ዝንባሌ ያሳስታልና። ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊሜትር ከበለጠ ጠረጴዛውን የያዙት ብሎኖች ላላ ተደርገው ጠረጴዛው በእንጨት መዶሻ ቀስ በቀስ ይገፋል። ብሎኖቹ ሲጠብቁ ሊንሸራተት ስለሚችል ልኬቱ እንደገና ይደገማል። በመጨረሻም እንጨቱን የሚመራው ዘንግ ከቦዩ ጋር ትይዩ ይደረጋል።

ሥራው የሚፈጀው ጥቂት ጊዜ ነው፤ የተቆረጠ ጣት ግን አይተካም። ስለዚህ የአናጢ ቤት ኃላፊዎች ይህ ልኬት በየጊዜው እንዲፈጸም ሊጠነቀቁ ይገባል።