ኮሪደሩ የማን ነው? በአንድ ቤት ስለሚኖሩ ድመቶች

ጆሃንስበርግ ባለው አፓርታማችን ሁለት ድመቶች አሉን፤ ሽሮና ቡና። ሽሮ የስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ቡና ደግሞ በኋላ የመጣ ጎረምሳ። ሽሮ ኮሪደሩ መሃል ተጋድማ ስለምትውል እናቴ «እትዬ ሽሮ» ትላታለች። ቡና እሷን ሲያይ ዘወር ብሎ ይመለሳል። «ታላቁን አክባሪ ነው» ብለን እንስቅ ነበር፤ ባለፈው ክረምት መሽናት አቅቶት ልናጣው እስክንደርስ ድረስ።

ብዙዎቻችን ድመቶችም እንደ ዶሮ ማን ማንን እንደሚነቁር የታወቀ ተራ ያላቸው ይመስለናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የቤት ድመት ዘሯ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ይህችም በኢትዮጵያም በደቡብ አፍሪካም አለች። ብቻዋን ነው የምታድነው፤ አንድ አይጥ ለሁለት አይበቃማ! ምግብ በሚበዛበት ቦታ ዘመዳም ሴቶች አብረው ይኖራሉ፣ ልጆቻቸውንም በጋራ ያጠባሉ። የማይዋደዱ ድመቶች ግን ጠባቸውን የሚያበርዱት በመታረቅ ሳይሆን በመራራቅ ነው። አፓርታማ ውስጥ ደግሞ ወዴት ይራራቃሉ?

ጀርመናዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ፖል ሌይሃውዘን የድመቶች የበላይነት እንደ ቦታውና እንደ ሰዓቱ እንደሚለዋወጥ ጽፏል። ጠዋት መስኮቱ ላይ ፀሐይ የምትሞቀው ከሰዓት ቦታውን ልትለቅ ትችላለች። ጠባብ መተላለፊያ ላይም ቀድሞ የገባው ደካማ ቢሆን እንኳ ጠንካራው ቆሞ ሊያሳልፈው ይችላል። ስለዚህ ሽሮ መንገድ ስትዘጋ አለቅነቷን ማሳየቷ አልነበረም፤ ጠብ ላይ ነበረች። ጩኸት የለም፣ መቧጨር የለም፤ ማፍጠጥ ብቻ። የአሸዋ ሳጥኑ ያለው ደግሞ ከእሷ ኋላ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበር።

ጭንቀት የድመትን ፊኛ ሊያስቆጣ ይችላል። የወንዱ የሽንት ቱቦ ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ይደፈናል። ሲደፈን ፖታሲየም ደም ውስጥ ይከማቻል፤ የልብ ምትን ያዛባል፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥም ይገድላል። እኔ ሕመምተኞችን «መጨረሻ የሸኑት መቼ ነው?» እያልኩ የምመዘግብ የነርስ ተማሪ፣ ቡና ሳጥኑ ውስጥ ሲያምጥ ሆድ ድርቀት መስሎኝ አሳደርኩት። ጠዋት የእንስሳት ሐኪሟ ካቴተር አስገብታ አተረፈችው። ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት ካልወጣው እባካችሁ ሌሊቱንም ቢሆን ውሰዱት።

ሐኪሟ ከዚያ የጠየቀችኝ ስለ ቤታችን አቀማመጥ ነበር። የሳጥኑ ቁጥር ከድመቶቹ በአንድ ይብለጥ ይባላል፤ ግን አንድ ቦታ ከተደረደሩ እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት። ምግባቸውንም ሳይተያዩ በሚበሉበት አራርቀን አስቀመጥን፤ ቡና ከላይ የሚያልፍበት መደርደሪያም ሰቀልን። ጎን ለጎን መብላታቸው መዋደዳቸውን አያሳይም፤ ረሃብም ያስገድዳል። የሚዋደዱት ተደጋግፈው ይተኛሉ፣ አንዱ የሌላውን ጭንቅላት ይልሳል። የእኛዎቹ እዚያ አልደረሱም።

ሽሮ አሁንም ኮሪደሩን አልለቀቀችም። ከሦስቱ ሳጥኖች አንዱ ሳሎን ነው ያለው፤ እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር መጋረጃውን ትስብበታለች።