የመሰላሉ ስሌት፦ በአማካሪ ድርጅቶች የደረጃ እድገት ምን ያህል ይፈጥናል?



ወደ አማካሪ ድርጅት ለመግባት የሚያስቡ ተማሪዎች ቢሮዬ ሲመጡ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ሸሪክ ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ መሰላሉን እንመልከት። በታላላቆቹ ዓለም አቀፍ የስትራቴጂ አማካሪ ድርጅቶች የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ወጣት በተንታኝነት ይጀምርና ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ቆይቶ አማካሪ ይሆናል። በቢዝነስ አስተዳደር የማስተርስ ዲግሪ (ኤም.ቢ.ኤ.) ያለው ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ከሁለተኛው እርከን ይነሣል። ከዚያ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅነት፣ ቀጥሎ ምክትል ሸሪክነት፣ በመጨረሻም ሸሪክነት ይመጣል። እያንዳንዱ እርከን በአብዛኛው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ስለሚወስድ፣ መንገዱ የቀናለት ሰው በ10 ዓመት ገደማ ከላይ ሊደርስ ይችላል። በትላልቅ የኦዲት ድርጅቶች ጉዞው ከዚህ ይረዝማል።

መመዘኛውም በየእርከኑ ይለያያል። ተንታኙ በስሌቱ ትክክለኛነት፣ ሥራ አስኪያጁ ቡድን በመምራት ችሎታው፣ ሸሪኩ ደግሞ ደንበኛ በማምጣትና በማቆየት ይመዘናሉ። ከታች የተመሰገነ ሰው ከላይ የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀሪው ግማሽ ጥያቄ «ያልወጡትስ የት ደረሱ?» የሚለው ነው። በእነዚህ ድርጅቶች «ወይ እደግ፣ ወይ ልቀቅ» የሚባል ደንብ አለ። ሥሩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፖል ክራቫት በኒው ዮርክ የጥብቅና ቢሮው ከዘረጋው አሠራር ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተውን ማኪንዚን ለረጅም ዘመን የመራው ማርቪን ባወር፣ ራሱም የሕግ ባለሙያ ነበርና፣ በ1950ዎቹ ደንቡን በአማካሪነት ሙያ ውስጥ አጸና።

ደንቡ ከጭካኔ የመነጨ ይመስላል፤ ምንጩ ግን ስሌት ነው። 10 ሸሪኮች፣ 20 ሥራ አስኪያጆችና 60 ተንታኞች ያሉትን ድርጅት በምናባችን እንሣል። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁሉም አንድ እርከን ከፍ ቢሉና ማንም ባይለቅ፣ ሸሪኮቹ 30፣ ሥራ አስኪያጆቹ 60 ይሆናሉ። የአሠራሩ ሚዛን እንዲጠበቅ 180 አዳዲስ ተንታኞች መቀጠር አለባቸው። ይህ ማለት የድርጅቱ ሥራ በሦስት ዓመት ሦስት እጥፍ፣ በስድስት ዓመት ዘጠኝ እጥፍ ማደግ አለበት ማለት ነው። በየዓመቱ 44 በመቶ ገደማ ያለማቋረጥ የሚያድግ ገበያ ከየት ይገኛል? ሥራው ባለበት ከቆየ፣ 20ዎቹ ሥራ አስኪያጆች ሁሉ ቦታ ቢለቁ እንኳ፣ ከሦስት ተንታኞች የሚያድገው አንዱ ብቻ ነው።

እንግዲህ የእድገት ፍጥነት በሠራተኛው ጉብዝና ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ የገበያው ዕድገትና የሌሎች መልቀቅም ይወስኑታል። እኔ ረዳት ፕሮፌሰር የሆንሁት የሌላ ሰው ወንበር እስኪለቀቅ ጠብቄ አልነበረም፤ የሚፈለገውን ሳሟላ ማዕረጉ ተሰጠኝ። በአማካሪ ድርጅት ግን ማሟላት ብቻውን አይበቃም።

ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት ካስተማርኋቸው ምርጥ ተማሪዎች አንዱ ስሙን ከማልጠቅሰው ድርጅት በሁለተኛ ዓመቱ እንዲለቅ ተነገረው። ለወራት ከቤተሰቡ ደበቀው፤ በኋላም እኔ ዘንድ መጥቶ «አሳፈርኋችሁ» አለኝ። ያን ቀን ያንኑ ስሌት በወረቀት ላይ ሠራሁለት። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየውና «ታዲያ ይህን ሳልገባ ለምን አልነገሩኝም?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ የዘገየ መልስ ነው።

ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ከዓመታቱ ቁጥር ሌላ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከሦስት ዓመት በፊት ከተቀጠሩት ስንቶቹ ዛሬም አሉ? የድርጅቱ ሥራ በምን ያህል እያደገ ነው? የለቀቁትስ የት ገቡ? ሦስተኛው ጥያቄ አይናቅ፤ ከእነዚህ ቤቶች የወጡ ብዙዎች በሌሎች ተቋማት ከፍተኛ ኃላፊነት ይዘዋል። መሰላሉ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም እንደሚያወጣ አውቆ የገባ ሰው፣ በለቀቀ ጊዜ አንገቱን አይደፋም።